ጠፈርተኛ ለመሆን ላመለክት የተነሣሁበት ዓመት

ማስታወቂያውን ያመጣልኝ አለቃዬ ነው። ከጋዜጣ የተቆረጠ፣ በጀርባው የሶፋ ሥዕል ያለበት ቁራጭ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ምንም ሳይናገር ወደ ቢሮው ተመለሰ። ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ሦስት ዓመት አብሬው ስሠራ ስለ ራሱ የነገረኝ ጀልባ እንዳለው ብቻ ነው። ወረቀቱ የአውሮፓ አገሮች በጋራ አዲስ ጠፈርተኞች ሊመለምሉ መሆኑን ይናገራል። ከሥሩ የሚፈለገው ተዘርዝሯል፤ ዜግነት፣ የምህንድስና ወይም የሳይንስ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ፣ እንግሊዝኛ፣ ሙሉ ጤና። አለቃዬ እያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጓል። ጤና የሚለው ላይ ብቻ የጥያቄ ምልክት አለ።

አገር ቤት ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረትን የተቀበሉበት ዓመት ነበር፤ እዚህ ስቶክሆልም ጸደይ ገብቶ በረዶው ቀልጧል። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። የምሠራው ኡፕላንድስ ቬስቢ፣ ለሳተላይት የሚሆኑ ትናንሽ ቫልቮች የምትሠራ አንዲት አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነበር። ቫልቮቹን አየሩ ተመጥጦ በወጣ ታንክ ውስጥ አስገባለሁ፤ አቀዘቅዛቸዋለሁ፣ አሞቃቸዋለሁ፣ አንቀጠቅጣቸዋለሁ፤ የሚያፈስ ካለ እይዛለሁ። ያለፉት ወደ ላይ ይሄዳሉ። የወደቁት ቢጫ ወረቀት ተለጥፎባቸው መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ።

እዚያ ሥራ ላይ የደረስኩት በዙሪያ ጥምጥም ነው። የመጣሁት የበረራና የጠፈር ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ነበር፤ በጥሩ ውጤትም ጨረስኩ። ሥራ ፍለጋ ስወጣ ግን ትልልቆቹ ድርጅቶች ሁሉ የተመካከሩ ይመስል አንድ መልስ ሰጡኝ። ሥራው የደኅንነት ማጣራት ይጠይቃል፤ ማጣራቱ ደግሞ የስዊድን ዜግነት። ስለዚህ የሮኬት ሞተር ያጠናሁት ሴትዮ ሁለት ዓመት ፊቲያ ውስጥ ሄምቸንስት ሠራሁ፤ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። ከማያቸው ሰዎች አንዷ የኛ አገር እናት ነበሩ። አንድ ቀን እግራቸውን እያሸሁላቸው፣

"ለመሆኑ የተማርሽው ምንድን ነው ልጄ?" አሉኝ።

"ስለ ጠፈር ነው እማማ። ወደ ላይ ስለሚላኩት መንኮራኩሮች።"

ጥቂት አሰቡና "አይዞሽ፤ ከዚያም ያወጣሻል" አሉኝ።

በኋላ ይህች የቫልቭ ድርጅት ቀጠረችኝ። ዜግነቱም ከጊዜ በኋላ መጣ። ያኔ ትልልቆቹ ጋ እንደገና ማመልከት እችል ነበር፤ ግን ሰው በር ላይ ብዙ ከቆመ በሩ ሲከፈትም መግባቱን ይረሳል። የአለቃዬ ቁራጭ ወረቀት እስኪመጣ ድረስ የምፈልገውን ነገር ራሴ እንኳ በግልጽ አውጥቼው አላውቅም ነበር።

የምኖረው አልቢ፣ ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። ስድስተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እዚህ አገርም ከእኔ አሥር ዓመት ቀድማ መጥታለች። ፎቅ ጠርጋለች፣ ሆስፒታል ውስጥ ምግብ አመላልሳለች። በመጨረሻ የአውቶብስ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ተነሣች። የጽሑፍ ፈተናውን ሦስት ጊዜ ወድቃ በአራተኛው አለፈች። ሰማያዊውን የሥራ ልብስ መጀመሪያ የለበሰች ቀን መስታወት ፊት ቆማ ክራቫቷን ስታስተካክል ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም። "ሰው ከኋላዬ ተቀምጦ እንቅልፍ ሲወስደው በመስታወት አያለሁ" ትለኝ ነበር። "አስቢው እስቲ፤ ማን እንደሆንኩ አያውቅም፣ እኔን አምኖ ይተኛል።"

ወረቀቱን ይዤ የገባሁ ዕለት ጎመን እየከተፈች ነበር።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ላመለክት ነው።"

"ቤት?"

"ቤት አይደለም። ጠፈርተኛ ለመሆን።"

ቢላዋውን አስቀመጠች። "ስደት አንሶሽ ነው?" አለችኝ። ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። "እዚህ እንኳ እኔ ተቀበልኩሽ። እዚያ ማን አለሽ?"

ሳቋ ሲያልቅ ግን ወረቀቱን ተቀብላ በስዊድንኛ ቀስ ብላ፣ እንደ መንጃ ፈቃድ ጥያቄ እያንዳንዱን ቃል እየመዘነች አነበበችው። መልሳ ስትሰጠኝ "ዋና አትችዪም" አለች።

እውነቷን ነው። በማግስቱ ሁለታችንም የአዋቂዎች የዋና ትምህርት ተመዘገብን፤ እሷ ውኃ ትፈራ ስለነበር ከጥግ አልወጣችም። ሩጫም ጀመርኩ። የሥራ ፈረቃዋ በማይሆንበት ቀን እህቴ የአልቢ ሐይቅ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ በእጅ ሰዓቷ ትለካልኛለች። ዙሩን ጨርሼ ስመለስ ደቂቃውን ጮክ ብላ ትናገራለች። ያን ሰሞን ደስተኛ ነበርኩ ማለት እችላለሁ። ረጅም ጊዜ አልነበረም፤ አምስት ሳምንት ያህል ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ከሐይቁ በላይ ያለውን ዳገት ስወጣ ዓይኔ ጨለመ። ጆሮዬ ውስጥ ነፋስ የመሰለ ነገር ሰማሁ፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ተነሥቼ ጨረስኩት። እህቴ "ዛሬ ምን ሆነሽ ዘገየሽ?" ስትለኝ "የጫማዬ ማሰሪያ ተፈታ" አልኳት።

ማመልከቻው አብሮት የበረራ ሐኪም ወረቀት እንዲገባ ይጠይቃል፤ የግል አውሮፕላን አብራሪዎች የሚያወጡት ዓይነት። ሐኪሟ ስልሳ ዓመት የሚሆናት፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ነበረች። መጀመሪያ የሚሞላ ቅጽ ሰጠችኝ። ወባ ታምመሽ ታውቂያለሽ? የሚጥል በሽታ? መነጽር? ሁሉንም በፍጥነት እየሞላሁ ሁለተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ። ከቤተሰብሽ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ?

ወንድሜ በእህቴና በእኔ መካከል ያለ ልጅ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቱ፤ እኔ አሥራ አንድ። በትምህርት ቤቱ የስፖርት ቀን አራት መቶ ሜትር ሲሮጥ፣ እየመራ ሳለ፣ መጨረሻው ማጠፊያ ላይ በግንባሩ ተደፋ። ሰው ተደናቀፈ ብሎ ሳቀ። አልተነሣም። ለቅሶው ላይ ዘመድ ሁሉ የየራሱን ሰጠ፤ አንዱ ምች ነው አለ፣ ሌላው ዓይን ነው፣ አንዷ አክስታችን ፀሐይ መታው አሉ። እናቴ ግን በዚያን ቀን ጠዋት ተቆጥታው ቁርሱን ሳይበላ ወጥቶ ነበር።

ጥያቄው ፊት እስክሪብቶዬን ይዤ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። "የለም" የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግኩ። የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ምች እንዳልሆነ አውቃለሁ። ምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ለምን እንዳልጠየቅሁ ያን ዕለት ገባኝ።

ሐኪሟ አስተኝታኝ ደረቴና እግሬ ላይ ገመዶች ለጠፈች። የልብ ምት የሚመዘግበው ማሽን ወረቀቱን ተፍቶ ሲጨርስ አንሥታ አየችው። እንደገና አየችው። ገመዶቹን አስተካክላ ሁለተኛ ጊዜ አስነሣችው። ከዚያ ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠችና የሞላሁትን ቅጽ ገለጠች።

"ይህን ጥያቄ በደንብ አንብበሽዋል?" አለችኝ። ስዊድንኛ አንቱታ የለውም፤ ሐኪምም አንቺ ነው የሚልሽ። ያን ዕለት ግን አንቺ ስትለኝ ታላቅ እህቴ የያዘችኝ መሰለኝ።

"ወንድሜ" አልኩ። "አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። እየሮጠ ነበር።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"አንቺም ትሮጫለሽ?"

"አዎ።"

"ከዛሬ ጀምሮ አትሩጪ።"

የልብ ሐኪም ጋ ላከችኝ። በአልትራሳውንድ የገዛ ልቤን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ወጣቱ ሐኪም በጣቱ እያሳየኝ አስረዳኝ፤ እዚህ ጋ ያለው የልብ ግድግዳ መሆን ከሚገባው በላይ ወፍሯል፣ በትውልድ የሚመጣ ነው፣ ብዙ ሰው ይዞት ሳያውቀው ይኖራል፣ አንዳንዱ ደግሞ በወጣትነቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሩጫ ላይ... ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እኔ የማየው ግን ቫልቩን ነበር። ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል። በሥራዬ ብዙ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። ቢጫ ወረቀት የሚለጠፍበት ዓይነት ነበር።

"ጠፈር መሄድ አልችልም ማለት ነው?"

የምቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ፊቴን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። "አይቻልም" አለኝ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀት አወጣ። "ወንድም ወይም እህት አለሽ? በሕይወት ያለ?"

ማመልከቻው በተዘጋ ዕለት ሥራ ላይ ነበርኩ። አለቃዬ በቡና ሰዓት አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ፤ ልኬ እንደሆነ ሊጠይቀኝ እንደፈለገ አየሁበት። "ጤና" አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ኩባያውን ይዞ ተነሣ። ከዚያ ዕለት በኋላ ነገሩን አንስቶብኝ አያውቅም። ለእሱ ይህ ደግነት ነበር፤ እኔ ግን አንድ ሰው እንኳ ቢያነሣልኝ እመኝ ነበር።

ለእናቴ የደወልኩት ቅዳሜ ነው። ስለ ራሴ ልነግራት አልነበረም፤ ስለ ወንድሜ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ያልተበላ ቁርስ ተሸክማ እንደኖረች አውቃለሁ፤ በፋሲካ እንኳ ጠዋት ላይ እህል አትቀምስም። ላወርድላት ነበር ያሰብኩት።

"እማዬ፣ በረሃብ አይደለም የሞተው። ቁርሱን ቢበላም አይተርፍም ነበር። ልቡ ላይ የነበረ ነገር ነው፤ አብሮት የተወለደ። በእኔም ላይ አገኙት።"

መስመሩ ላይ እስትንፋሷን እሰማለሁ።

"አብሮት የተወለደ" አለች።

"አዎ። በዘር የሚመጣ ነው።"

"ታዲያ ከማን ነው? ከእኔ ነው ወይስ ከአባታችሁ?"

አባታችን ከሞተ ቆይቷል። "ሐኪሞቹ አያውቁም እማዬ፤ ከሁለታችሁ ከአንዳችሁ ሊሆን ይችላል" አልኳት።

"ከእኔ ነው" አለች። ድምፅዋ እንግዳ ሆነብኝ። "እኔ ነኝ የሰጠሁት። ለሁላችሁም።" ስልኩን ሳትዘጋው አስቀመጠችው። ስትሄድ የጫማዋን ኮቴ ሰማሁ። አንዱን ሸክም ላወርድ ሄጄ የባሰውን ጭኜባት ተመለስኩ። እስካሁንም ካደረግኳቸው ነገሮች ሁሉ ባልደወልኩት ብዬ የምመኘው ያንን ስልክ ነው።

የቀረችው እህቴ ናት። ሐኪሙ የሰጠኝን፣ ወንድምና እህት እንዲመረመሩ የሚጠይቀውን ወረቀት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላት። ሳትነካው አነበበችው።

"ካገኙብኝ አውቶብሱን ይቀሙኛል?"

ይቀሟታል። ጠይቄ ነበር፤ የከባድ ተሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ በዚህ በሽታ አይያዝም። "ይመስለኛል" አልኳት።

"እንግዲያው አልሄድም።"

"እትዬ..."

"አንቺ ሰማዩን አጣሽ። አዝናለሁ፤ እግዜር ያውቃል፣ ከአንቺ በላይ ነው ያዘንኩት። ግን እኔ ባለኝ ደግሞ አትምጪብኝ። አርባ ዓመቴ ነው። ሊገድለኝ ቢሆን ገድሎኝ ነበር።"

በጋው ሙሉ በዚህ አለፈ። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ተለጥፎ ቀረ። ስለ ሌላው ሁሉ እናወራለን፤ ስለ እሱ አናወራም። ጎህ ሳይቀድ በሩን ዘግታ ስትወጣ እነቃና በመስኮት ወደ አውቶብሶቹ ማደሪያ፣ ወደ ዴፖው ስትሄድ አያታለሁ። ያን ጊዜ ስለ እሷ ብቻ ሳይሆን ከኋላዋ ስለሚተኙት ሰዎች ማሰብ ጀመርኩ። ለአሠሪዎቿ መንገር ነበረብኝ? የገዛ እህቴን? ቫልቭ ቢሆን አንድ ደቂቃ አላመነታም ነበር።

ማድረግ የቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊቲያ ወርጄ እሷ የምትነዳው አውቶብስ ላይ እወጣለሁ። ከኋላዋ ያለው ሁለተኛ ወንበር ላይ ተቀምጬ አንገቷን አያለሁ፤ መሪው ላይ ያሉትን እጆቿን አያለሁ። ብትወድቅ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። ፍሬኑ የት እንዳለ ግን አጥንቻለሁ። በመስታወት ዓይን ለዓይን ስንጋጭ ዓይኗን ወደ መንገዱ ትመልሳለች። አምስት ቅዳሜ እንዲህ ሄድን። ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ልጅ ያቀፈች ሴት፣ ከረጢት የያዘ ሽማግሌ፣ ከሌሊት ሥራ የሚመለስ ጎልማሳ ራሱን መስኮቱ ላይ ደግፎ እንቅልፍ ይወስደዋል።

በአምስተኛው ቅዳሜ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ እኔ ብቻ ቀረሁ። ሞተሩን አጥፍታ ሳትዞር ተናገረች።

"ልትጠብቂኝ ነው የምትመጪው ወይስ ልታሳጪኝ?"

"አላውቅም" አልኳት። እውነቴን ነበር።

"ጠዋት በዚህ በር አንዲት ነፍሰ ጡር ወጣች። ሰላም አለችኝ። እኔ ግን የማየው አንቺን ነበር፤ በመስታወት። ስታዪኝ አየሁሽ። ከዚያ የማስበው ሁሉ ልቤን ሆነ። መታ፣ አልመታ። ቀይ መብራት ላይ ደረስኩ፣ አሁንም ልቤን።" ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። "እንዲህ ሆኖ መንዳት አይቻልም። አንቺ ነሽ ያበላሸሽብኝ። ሰኞ እሄዳለሁ።"

ተገኘባት። ከእኔ የከፋ ነበር። ልቧ ካቆመ የሚያስነሣ ትንሽ መሣሪያ ከትከሻዋ በታች ቀበሩላት፤ መንጃ ፈቃዷን ተረከቧት። ዴፖው ጥቂት ወራት ቁልፍ የምታድልበት መስኮት ላይ አስቀመጣት። በኋላ እሱም ቀረ። የሥራ ልብሷን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ መለሰች። ክራቫቱን መመለሷን አላየሁም፤ አልጠየቅኋትም።

አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ማዕድ አንድ ላይ እንቀርባለን፤ ግን እኔን ማጉረስ አቆመች። ልጅ ሳለሁ ጀምሮ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከእሷ እጅ ነበር የምበላው። አንድ ቀን ተነሥቼ "ባትመረመሪ ይሻልሽ ነበር?" አልኳት።

"አዎ" አለች፤ ለማሰብ እንኳ አልቆየችም።

"ብትሞቺስ?"

"ባልሞትስ? አሁን ያንን ማን ይነግረኛል?"

የዚህ መልስ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ነገር አይደለም።

በሚቀጥለው ጸደይ የተመረጡትን አዲሶቹን ጠፈርተኞች በቴሌቪዥን አሳዩዋቸው። ሁለታችንም ሶፋው ላይ ተቀምጠን ነበር። ሰማያዊ ልብስ ለብሰው ተሰልፈው ይስቃሉ፤ ወጣቶች ናቸው፣ ቆዳቸው ያበራል። እህቴ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

"የትኛው ነው በአንቺ ቦታ የገባው?"

"ማንም። እኔ ቦታ አልነበረኝም። አላመለከትኩም እኮ እትዬ።"

"ታዲያ ያ ሁሉ ዋና፣ ያ ሁሉ ሩጫ..." አለችና ተወችው። ድምፁን ቀነሰችው፤ አላጠፋችውም።

በማግስቱ ከገበያ ስንመለስ የሕንፃችን ሊፍት ተበላሽቷል። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ መቼ እንደሚጠገን አይናገርም። ደረጃውን ጀመርነው። ሐኪሞቹ ለሁለታችንም ቀስ ብላችሁ ብለውናል። እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ቆመን እናርፋለን፤ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እኔ ከረጢቶቹን መሬት አስቀምጬ። ሦስተኛው ላይ አንድ ጎረቤት እየሮጠ ወረደና ሰላም ብሎን አለፈ። አራተኛው ላይ ብዙ ቆየን። እስትንፋሷ እስኪመለስ ጠበቅኋት፤ የእኔ እስኪመለስ ደግሞ እሷ ጠበቀችኝ።

"በቃሽ?" አለችኝ።

"ትንሽ ቀረኝ።"

"እንግዲህ ትንሽ እንቁም" አለች፤ ቆምን።